1,533,776,805ን በእጅ ፈትሾ መጨረስ፦ ዝርዝር መመሪያ

1,533,776,805 ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ጠጠር ቢኖራችሁ ግን አንድም ሳይተርፍና ሳይጎድል በጎነ ሦስት፣ በጎነ አምስት፣ በጎነ ስድስትም ቅርጽ ልትደረድሩት ትችላላችሁ። ሦስቱንም የሚያሟሉ ቁጥሮች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው 1 ነው፣ ሁለተኛው 40,755፣ ሦስተኛው ይሄው ቁጥር።

ከዚህ በታች ያለው ቁጥሩን ከጭራው ጀምሮ እስከ ውስጡ የመፈተሻ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ለየትኛውም ትልቅ ቁጥር ያገለግላሉ። ሁለት ልማዶች ብቻ ያዙ። አካፋይ ባገኛችሁ ቁጥር ወዲያውኑ አካፍላችሁ ቁጥሩን አሳንሱት። ያገኛችሁትን ውጤት ደግሞ በሌላ መንገድ ዞራችሁ ሳታረጋግጡ አትመኑት።

ወረቀት፣ እስክሪብቶና ከ100 በታች ያሉት 25 ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ እስከ 97) ያስፈልጓችኋል። ካልኩሌተሩ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ 12 አሃዝ ቢሆን ይመረጣል። ባለ 8 አሃዙ ቁጥሩን ራሱን አይችለውም። ባለ 10 አሃዙ ቁጥሩን ይይዛል፤ በኋላ በ8 እና በ24 ስታባዙት ግን ይሞላበታል።

ደረጃ 1፦ በጥንድ በጥንድ መጻፍ

ኮማ በየሦስት አሃዙ ማስገባት ለንባብ ይመቻል። ለፍተሻ ግን የግዕዝ ቁጥር አጻጻፍ ይበልጣል፤ እሱ የሚሠራው በሁለት በሁለት አሃዝ ነውና፣ ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ ጥንዶቹን ይለያሉ። ቁጥራችን በግዕዝ ፲፭፼፴፫፻፸፯፼፷፰፻፭ ነው። ጥንዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ 15፣ 33፣ 77፣ 68 እና 05 ናቸው። የመጨረሻው ጥንድ፣ ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው፣ ፭ ብቻውን ቆሟል።

አሁን ጥንዶቹን ደምሩ፦

15 + 33 + 77 + 68 + 5 = 198

198 የ99 ሁለት እጥፍ ነው። 100 ለ99 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ 10,000ም ሆነ 1,000,000 ለ99 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው። በዚህም ምክንያት የጥንዶቹ ድምር ለ99 ያለው ቀሪና የቁጥሩ ቀሪ እኩል ናቸው። 99 ደግሞ 9 × 11 ነው። በአንድ አጭር ድምር ቁጥሩ በ9ም በ11ም እንደሚካፈል አወቅን ማለት ነው።

ይህ ፈተና የግልበጣ ስህተትንም ይይዛል። ትልቅ ቁጥር ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። 1,533,776,805 ሊጻፍ 1,533,767,805 ቢጻፍ የአሃዞቹ ድምር አይለወጥም፤ በሁለቱም 45 ነው። የጥንዶቹ ድምር ግን 15 + 33 + 76 + 78 + 5 = 207 ይሆናል፣ 207 ደግሞ የ99 ብዜት አይደለም። የማይያዘው ሙሉ ጥንዶች ሲቀያየሩ ነው፤ 33ና 77 ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው 198 ነው። ስለዚህ ከገለበጣችሁ በኋላ አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ አንድ ቢሊዮን አምስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አምስት።

ደረጃ 2፦ ጭራውን ማንበብ

በ5 ስለሚያልቅ ቁጥሩ ኢተጋማሽ ነው፣ በ5ም ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 05 ስለሆኑ (00፣ 25፣ 50 ወይም 75 ስላልሆኑ) በ25 አይካፈልም። 5 አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል።

ሁለት ቀሪዎችን ወረቀቱ ዳር ላይ ጻፉ፣ በኋላ ይፈለጋሉ። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ይህን ለማወቅ 05ን ማየት ብቻ ይበቃል። ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው፤ ለዚህ 805ን ብቻ አካፍሉ።

ደረጃ 3፦ 7ን እና 13ን በአንድ ድንጋይ

7 × 11 × 13 = 1,001። ኮማው በየሦስት አሃዙ የገባበትን አጻጻፍ ውሰዱና ቡድኖቹን ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን እየቀነሳችሁ አንዱን ደምሩ፦

805 − 776 + 533 − 1 = 561

561 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ለ13 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ለ11 ግን እኩል ይካፈላል (11 × 51)። ስለዚህ 7ና 13 ከዝርዝሩ ወጡ። የ11 መኖርም ለሁለተኛ ጊዜ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 561 = 3 × 11 × 17 ነው። «እንግዲያው ቁጥሩ በ17ም ይካፈላል» ማለት ያምራል፣ ትንሽ ቆይተን እንደምናየው በርግጥም ይካፈላል። ሆኖም ይህ ፈተና ስለ 17 ምንም አይናገርም፤ 1,001 የ17 ብዜት አይደለምና። እዚህ የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው። ፈተናው የሚያገለግለው ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቅርፊቱን መላጥ

የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ39,163 በትንሹ ይበልጣል። ያለ ምንም ብልሃት ብንሄድ እስከዚያ ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩትን፣ ልንሞክር ነው። እያካፈልን ካሳነስነው ግን ከ53 ማለፍ አያስፈልገንም።

1,533,776,805 ÷ 9 = 170,419,645
170,419,645 ÷ 5 = 34,083,929
34,083,929 ÷ 11 = 3,098,539
3,098,539 ÷ 17 = 182,267
182,267 ÷ 19 = 9,593

በየደረጃው ያው አካፋይ ዳግም ይገባ እንደሆነ ፈትሹ። በ9 ካካፈልን በኋላ የ170,419,645 አሃዞች ድምር 37 ነው፤ 37 በ3 ስለማይካፈል 3 የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። 182,267 ለ17 ሲካፈል 10 ይተርፋል፣ 9,593 ለ19 ሲካፈል 17 ይተርፋል። ይህን ፍተሻ የዘለለ ሰው የተደጋገመ አካፋይ ያመልጠውና ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይበላሽበታል።

አሁን የቀረን 9,593 ነው። 98 × 98 = 9,604 ስለሆነ፣ 9,593 ብቸኛ ካልሆነ ከ97 የማይበልጥ አካፋይ የግድ ይኖረዋል። ከ23 ጀምሩ። ቀሪዎቹ በተራ፦ ለ23 2፣ ለ29 23፣ ለ31 14፣ ለ37 10፣ ለ41 40፣ ለ43 4፣ ለ47 5። ለ53 ግን 0 ነው፦ 9,593 = 53 × 181። 181 የ53 ካሬ ከሆነው 2,809 ያንሳል፣ ከ53 በታች ያለውን ሁሉ ደግሞ ፈትሸን ጨርሰናል። ስለዚህ 181 ያለ ተጨማሪ ሙከራ ብቸኛ ነው።

1,533,776,805 = 3² × 5 × 11 × 17 × 19 × 53 × 181

መልሳችሁ አባዙ፦ 45፣ 495፣ 8,415፣ 159,885፣ 8,473,905፣ 1,533,776,805። በመሐል ያለውን 8,415 ልብ በሉት።

ደረጃ 5፦ ስለ አካፋዮቹ ማወቅ

ብዛታቸው። 3 ምንም ላይገባ፣ አንዴ ሊገባ ወይም ሁለቴ ሊገባ ይችላል፣ ማለትም 3 ምርጫ አለው። የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው ይገባሉ ወይም አይገቡም። 3 × 2 × 2 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192። 128 ካገኛችሁ የ3ን ካሬ ረስታችኋል፤ 256 ካገኛችሁ ሁለቱን 3ቶች እንደተለያዩ ቁጥሮች ቆጥራችኋል።

ድምራቸው። ለ3² የምታስገቡት 1 + 3 + 9 = 13 ነው፤ 4 × 4 = 16 ብሎ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። ለሌሎቹ እያንዳንዱ ላይ 1 ጨምሩ፦

13 × 6 × 12 × 18 × 20 × 54 × 182 = 3,311,642,880

ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ስትቀንሱ 1,777,866,075 ይቀራል። ከቁጥሩ የሚያንሱት አካፋዮቹ ተደምረው ከራሱ ከቁጥሩ በልጠዋል ማለት ነው። በተጋማሽ ቁጥሮች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፣ 12 ራሱ እንዲህ ነው። በኢተጋማሾቹ ዘንድ ግን ብርቅ ነው፤ የመጀመሪያው 945 ነው። የእኛው ቁጥር ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ከላይ ልብ በሉት ባልነው በ8,415 ውስጥ ነው። 8,415 = 3² × 5 × 11 × 17 ሲሆን የአካፋዮቹ ድምር 16,848 ነው፤ የ8,415 እጥፍ ከሆነው 16,830 በ18 ብቻ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ብዜቱም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ 19፣ 53 እና 181 ገና ሳይገቡ ነገሩ አልቆ ነበር።

ከቁጥሩ የሚያንሱና ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት 6 × 4 × 10 × 16 × 18 × 52 × 180 = 646,963,200 ነው፤ ለ3² የገባው 9 − 3 = 6 ነው፣ ከሌሎቹ 1 ይቀነሳል።

የአካፋይ ቆጠራው ሌላም ጥያቄ ይመልሳል፦ ቁጥሩ በስንት መንገድ የተከታታይ ቁጥሮች ድምር ሆኖ ይጻፋል? ለእያንዳንዱ ኢተጋማሽ አካፋይ አንድ መንገድ አለ። እዚህ 192ቱም አካፋዮች ኢተጋማሽ ናቸው፤ «ቁጥሩ ብቻውን» የሚለውን ስንቀንስ 191 ይቀራል። አጭሩ 766,888,402 + 766,888,403 ነው። ረጅሙ ከ1 ተነስቶ እስከ 55,385 ይሄዳል፣ እሱም ወደ ቅርጾቹ ያስገባናል።

ደረጃ 6፦ ሦስቱን ቅርጾች መፈተሽ

የጎነ ሦስት ቁጥሮች 1፣ 3፣ 6፣ 10 እያሉ ይሄዳሉ። በላይኛው ረድፍ 1 ጠጠር፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3 ትደረድራላችሁ። የረድፉን ብዛት ረ እንበለው፣ ቁጥሩን ቁ። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

ጎነ ሦስት፦ ቁ = ረ × (ረ + 1) ÷ 2
ጎነ አምስት፦ ቁ = ረ × (3ረ − 1) ÷ 2
ጎነ ስድስት፦ ቁ = ረ × (2ረ − 1)

ጎነ ሦስትን ለመፈተሽ ቁጥሩን በ8 አባዙና 1 ጨምሩ። ውጤቱ ሙሉ ካሬ ከሆነ ቁጥሩ ጎነ ሦስት ነው፤ ምክንያቱም 8ቁ + 1 ሲፈታ (2ረ + 1)² ይሆናል።

8 × 1,533,776,805 + 1 = 12,270,214,441

ስኩዌር ሩቱን ካልኩሌተሩ በቀጥታ ይሰጣችኋል። በእጅ ከሆነ ግምት ያዙና አማካይ እየወሰዱ መቅረብ ነው። ግምቱን 110,000 አድርጉ። 12,270,214,441 ÷ 110,000 ወደ 111,547.4 ነው፤ የሁለቱ አማካይ 110,773.7 ነው። ለዚህ ስታካፍሉ 110,768.3 ታገኛላችሁ፤ አማካዩ 110,771.0 ነው። ሁለት ዙር በቃ። አሁን 110,771ን በራሱ አባዙት፤ 12,270,214,441 መውጣት አለበት፣ ይወጣልም። ረ = (110,771 − 1) ÷ 2 = 55,385።

ማባዛቱን አትዝለሉ። 1 መጨመሩን ረስታችሁ የ12,270,214,440ን ስኩዌር ሩት ብትወስዱ መልሱ 110,770.9999955 አካባቢ ነው። 10 አሃዝ ብቻ አጠጋግቶ የሚያሳይ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር (እሱ በትልልቅ ቁጥር አይሞላበትም) 110,771 ብሎ ያሳያችሁና ካሬ ያልሆነውን ካሬ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ለጎነ አምስት በ24 አባዙና 1 ጨምሩ፦ 36,810,643,321። ይህ የ191,861 ካሬ ነው። እዚህ ግን ካሬ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ስኩዌር ሩቱ ላይ 1 ሲጨመር በ6 መካፈል አለበት። 2ን ውሰዱ፦ 24 × 2 + 1 = 49 ካሬ ነው፣ ግን 7 + 1 = 8 በ6 አይካፈልም፣ 2ም የጎነ አምስት ቁጥር አይደለም። የእኛው ግን 191,862 ÷ 6 = 31,977 ይሰጣል። ሲባዛ 31,977 × 47,965 = 1,533,776,805።

ጎነ ስድስት ነፃ ስጦታ ነው። ረው ኢተጋማሽ የሆነ የጎነ ሦስት ቁጥር ሁሉ ጎነ ስድስትም ነው፤ 55,385 ኢተጋማሽ ስለሆነ (55,385 + 1) ÷ 2 = 27,693ኛው የጎነ ስድስት ቁጥር ነው።

ጎነ ሰባትስ? በ40 አባዝቶ 9 መጨመር ነው፦ 61,351,072,209። ይህ በ247,691 ካሬ እና በ247,692 ካሬ መካከል ይወድቃል። አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከቅርጾቹ ወደ አካፋዮቹ

አሁን ቁጥሩን በሁለት የተለያዩ መንገዶች አባዝተን ጽፈነዋል፦

55,385 × 27,693
31,977 × 47,965

ደረጃ 4ን ጨርሶ ያልሠራ ሰው እንኳ ከነዚህ ሁለት መስመሮች ቁጥሩን ሊበታትነው ይችላል። መሣሪያው የዩክሊድ ዘዴ ነው፤ ከትልቁ ትንሹን እየቀነሱ የጋራ አካፋይ መፈለግ። 55,385ን እና 31,977ን ውሰዱ፦

55,385 − 31,977 = 23,408
31,977 − 23,408 = 8,569
23,408 − 2 × 8,569 = 6,270
8,569 − 6,270 = 2,299
6,270 − 2 × 2,299 = 1,672
2,299 − 1,672 = 627
1,672 − 2 × 627 = 418
627 − 418 = 209

418 የ209 እጥፍ ስለሆነ እዚህ ይቆማል። የጋራ አካፋያቸው 209 ነው። 55,385 ÷ 209 = 265፣ 31,977 ÷ 209 = 153። ከዚያ 27,693 ÷ 153 = 181፣ 47,965 ÷ 265 ደግሞ ያው 181። ስለዚህ፦

1,533,776,805 = 153 × 181 × 209 × 265

አንድም የብቸኛ ቁጥር ሙከራ ሳናደርግ ባለ 10 አሃዙ ወደ አራት ባለ 3 አሃዝ ቁጥሮች ተበተነ። 153 = 3² × 17፣ 209 = 11 × 19፣ 265 = 5 × 53፤ ከደረጃ 4 ጋር ይገጥማል። ሁለቱ መንገዶች ባይገጥሙ ኖሮ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የደረጃ 6 ስኩዌር ሩት ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩ ከየት መጣ?

የሁለቱን ፈተናዎች ስኩዌር ሩት ሀ = 191,861 እና ለ = 110,771 እንበላቸው። ሀ² = 24ቁ + 1፣ ለ² = 8ቁ + 1። ሁለተኛውን በ3 አባዝታችሁ ከመጀመሪያው ስትቀንሱ ቁ ይጠፋና ይህ ይቀራል፦

ሀ² − 3ለ² = −2

ትንሹ መፍትሔ ሀ = 1፣ ለ = 1 ነው። ከአንዱ መፍትሔ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ አዲሱን ሀ 2ሀ + 3ለ፣ አዲሱን ለ ደግሞ ሀ + 2ለ አድርጉ። ለምን እንደሚሠራ ፈትታችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ (2ሀ + 3ለ)² − 3(ሀ + 2ለ)² ሲፈታ መካከለኛዎቹ 12ሀለ ይጣፋሉና ሀ² − 3ለ² ብቻ ይቀራል። መሰላሉ እንዲህ ይወጣል፦

1 እና 1
5 እና 3
19 እና 11
71 እና 41
265 እና 153
989 እና 571
3,691 እና 2,131
13,775 እና 7,953
51,409 እና 29,681
191,861 እና 110,771

ሀ ላይ 1 ሲጨመር በ6 የሚካፈልባቸው ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው እርከኖች ናቸው። እነሱ የሚሰጡት ጎነ ሦስትም ጎነ አምስትም የሆኑትን፣ 1፣ 210፣ 40,755፣ 7,906,276 እና 1,533,776,805ን ነው። የረድፋቸው ብዛት በተራ 1፣ 20፣ 285፣ 3,976 እና 55,385 ነው፤ ኢተጋማሾቹን ብቻ ስትወስዱ ጎነ ስድስትም የሆኑት ሦስቱ ይቀሩላችኋል።

አምስተኛውን እርከን ተመልከቱ፤ 265 እና 153፣ የቁጥራችን ሁለት አካፋዮች። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የጎረቤት መሰላል ናቸው፦ 362² − 3 × 209² = 1፣ የ362 ግማሽ 181 ነው። በየእርከኑ «ሀ» ለ«ለ» ሲካፈል ወደ 3 ስኩዌር ሩት ስለሚጠጋ፣ 265/153 ለዚህ ስኩዌር ሩት ጥሩ ግምት ነው። አርኪሜዲስ ከ2,200 ዓመት በፊት የክብን ዙሪያ ሲያሰላ ከታች በኩል የተጠቀመው ይህንኑ ክፍልፋይ ነው።

ቀጣዩን ለማግኘት አራት እርከን ውጡ። ሀ = 37,220,045፣ ለ = 21,489,003፣ ረ = 10,744,501 ይሆናል። ቁጥሩ 57,722,156,241,751 ነው።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩና ካሬዎች

የሁለት ካሬዎች ድምር ነው? ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ተስፋ የሚሰጥ ይመስላል፤ ቀሪው 3 ቢሆን እዚያው ይወድቅ ነበር። ሕጉ ግን ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በተጋማሽ ቁጥር ያህል ጊዜ እንዲገባ ያስገድዳል። 3 ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ችግር የለውም። 11ና 19 ግን አንድ አንድ ጊዜ ነው የገቡት። ስለዚህ አይደለም።

የሦስት ካሬዎች ድምር ግን ነው። በለዣንድር ሕግ የሚወድቁት ለ8 ሲካፈሉ 7 የሚተርፋቸውና የነሱ የ4፣ የ16፣ የ64… ብዜቶች ብቻ ናቸው፤ የእኛው 5 ነው የሚተርፈው። ሕጉ መኖሩን እንጂ የት እንዳሉ አይነግርም። ፍለጋው እንዲህ ነው፦ ከ39,163 ወደ ታች እየወረዳችሁ ካሬውን ቀንሱ፣ የተረፈው የሁለት ካሬ ድምር መሆኑን ከላይ ባለው ሕግ ፈትሹ። 39,163 ላይ የሚተርፈው 36,236 = 4 × 9,059 ነው፤ 9,059 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ወደቀ። 39,162 ላይ 114,561 = 3³ × 4,243፤ 3 ሦስት ጊዜ ገብቷል፣ ወደቀ። 39,161 ላይ 192,884 = 4 × 48,221፤ 48,221 ብቸኛ ነው፣ ለ4 ሲካፈልም 1 ይተርፋል። 48,221 = 170² + 139² ስለሆነ፦

1,533,776,805 = 39,161² + 340² + 278²

የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሆኖ ደግሞ በ96 መንገድ ይጻፋል፤ 192ቱ አካፋዮች 96 ጥንድ ይሆናሉና። የፌርማ የመበተኛ ዘዴ የሚፈልገው ከነዚህ አንዱን ነው። ከ39,164 ጀምራችሁ ካሬውን አውጡና ቁጥሩን ቀንሱ፤ ልዩነቱ ራሱ ካሬ እስኪሆን ቀጥሉ። የመጀመሪያው ልዩነት 42,091 ነው። በየጊዜው እንደገና ማባዛት አያስፈልግም፤ 78,329፣ ቀጥሎ 78,331፣ ቀጥሎ 78,333 እያላችሁ መደመር ብቻ ነው። በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቀውን ሳትፈትሹ እለፉት፤ ካሬ በነዚህ አያልቅም። በ24ኛው ሙከራ 39,187 ላይ ልዩነቱ 1,844,164 = 1,358² ይሆናል፦

(39,187 − 1,358) × (39,187 + 1,358) = 37,829 × 40,545

እነዚህ ሁለቱ 181 × 209 እና 153 × 265 ናቸው። ዘዴው እዚህ የፈጠነው ሁለቱ አካፋዮች ከስኩዌር ሩቱ ብዙም ስላልራቁ ነው። አንዱ በጣም ትንሽ ሌላው በጣም ትልቅ ቢሆን ኖሮ ሙከራው ማለቂያ ያጣ ነበር፤ ስለዚህ ከደረጃ 4 በፊት አታስቀድሙት።

ደረጃ 10፦ በኮምፒውተር ስትሠሩት

ቁጥሩ በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ) 31 ቢት ይወስዳል። አሉታዊም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ይገባል። ስሌቱ ግን አይገባም፣ ችግሩ የሚደበቀውም እዚህ ላይ ነው። 55,385 × 55,386 = 3,067,553,610 ነው። ለ2 ከመካፈሉ በፊት ይሞላና በብዙ ቋንቋዎች ፕሮግራሙ ምንም ሳያስጠነቅቅ −1,227,413,686 ይሰጣችኋል፤ በ2 ሲካፈል −613,706,843። መጀመሪያ 55,386ን ለ2 አካፍላችሁ 27,693ን ብታባዙ አይሞላም። 8ቁ + 1፣ 24ቁ + 1 እና የአካፋዮች ድምሩ 3,311,642,880 ግን ይህ ብልሃት አያድናቸውም፤ ለነሱ 64 ቢት ተጠቀሙ። ፓይተን ላይ ኢንቲጀሩ እንደአስፈላጊነቱ ስለሚሰፋ ይህ ጭንቀት የለም።

ኤክሴል እስከ 15 አሃዝ በትክክል ይይዛል። እስካሁን የሠራነው ሁሉ፣ ባለ 14 አሃዙ ቀጣይ ቁጥር ጭምር፣ ይገባለታል። የቁጥራችን ካሬ ግን 19 አሃዝ ስለሆነ ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ዜሮ አድርጎ ያሳያችኋል።

ሙሉ ካሬነትን በፕሮግራም ስትፈትሹ የስኩዌር ሩት ፋንክሽኑ ነጥብ ያለው ቁጥር ነው የሚመልሰው። ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉት፣ በኢንቲጀር መልሳችሁ አባዙት፣ ከ8ቁ + 1 ጋር በእኩል ምልክት አወዳድሩት። «ልዩነቱ ከ0.00001 ያንሳል» ብሎ ማወዳደር 12,270,214,440ንም ካሬ ነው ብሎ ያሳልፈዋል።